የዓመቱን ትርፍ ከማመንዎ በፊት፦ የኩባንያዎን ቦርድ እንዴት እንደሚመረምሩ

አክሲዮን ያለው ሰው ዓመታዊ ሪፖርት ሲደርሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሁለት ቁጥሮች ነው። ትርፉ ስንት ሆነ? ለአንድ አክሲዮን ስንት ደረሰ? ይህ ያለ ነው። ግን ትርፍ የሚባለው ቁጥር ካዝና ተከፍቶ፣ ብር ተቆጥሮ የሚመጣ አይደለም። ውስጡ ብዙ ግምት አለ። በዱቤ የተሸጠው ዕቃ ገንዘቡ ይሰበሰባል ወይ? ብድሩ ይመለሳል ወይ? ማሽኑ ስንት ዓመት ያገለግላል? እነዚህን የሚገምተው አመራሩ ነው። አመራሩን አስቀምጦ "ይህን ከየት አመጣችሁት?" ብሎ የመጠየቅ ሥልጣን ያለው ደግሞ ቦርዱ ነው። ቦርዱ ዝም ካለ ቁጥሩ አመራሩ እንዲሆን የፈለገው ቁጥር ይሆናል።

ስለዚህ ትርፉን ከማየትዎ በፊት ቦርዱ ላይ እነማን እንደተቀመጡ ይዩ። የሂሳብ ባለሙያ መሆን አይጠበቅብዎትም። ያለፉት 3 ዓመታት ሪፖርቶች፣ አንድ ወረቀትና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃል።

1. ፎቶዎቹን ይለፉና ወደ ኋላ ይሂዱ

የቦርድ ሰብሳቢው መልእክት፣ የአዲሱ ሕንፃ ምስል፣ የሽልማቱ ሥነ ሥርዓት... እነዚህን ለኋላ ያቆዩአቸው። ቁም ነገሩ ያለው ከመጨረሻው ክፍል ነው። የውጭ ኦዲተሩ (ሂሳቡን ከድርጅቱ ውጭ ሆኖ የሚመረምረው ባለሙያ) አስተያየት፣ የሂሳብ መግለጫዎቹና ቁጥር የተሰጣቸው ማብራሪያዎች እዚያ ናቸው። እኛ አገር የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ 847/2006 ከወጣ ወዲህ ባንኮች፣ ኢንሹራንሶችና ሌሎች ትልልቅ ኩባንያዎች በዓለም አቀፉ የሂሳብ ሪፖርት ደረጃ እንዲሠሩ ተደርጓል። ደረጃው ብዙ ነገር በማብራሪያ እንዲገለጽ ያስገድዳል። ስለዚህ የሚፈልጉት መረጃ አብዛኛውን ጊዜ በትንንሽ ፊደል ተጽፎ ያገኙታል። የደረስዎ አጭሩ ቅጂ ብቻ ከሆነ ሙሉውን ከድርጅቱ ይጠይቁ። ባለቤት ነዎት።

2. የአባላቱን ስም ዝርዝር በሰንጠረዥ ይጻፉ

ለእያንዳንዱ አባል አምስት ነገር ይሙሉ። ሙያው ምንድን ነው? ቦርዱ ላይ ከመቼ ጀምሮ አለ? ምን ያህል አክሲዮን አለው፣ ወይም ማንን ወክሎ ነው የተቀመጠው? ከኩባንያው ጋር ሌላ የጥቅም ግንኙነት አለው? ሌላ ምን ኃላፊነት አለበት? ሪፖርቱ የማይመልስልዎትን ባዶ ይተዉት። ባዶ የሆነው ቦታ በኋላ ጥያቄ ይሆናል።

3. የእያንዳንዱ አባል ጥቅም ከየት እንደሚመጣ ይፈትሹ

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚገባው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 (ከዚህ በታች በውጭ አገር ታሪኮች ላይ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ማርክ ቢዝሊ የተባለ አሜሪካዊ የሂሳብ አያያዝ ተመራማሪ ሪፖርታቸውን ያጭበረበሩ 75 ኩባንያዎችን ካላጭበረበሩ ሌሎች 75 ጋር አነፃፀረ። ያላጭበረበሩት ቦርድ ላይ ከድርጅቱ ውጭ የመጡ አባላት ድርሻ ከፍ ያለ ሆኖ አገኘው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ደመወዙንና ዕድገቱን ከዋና ሥራ አስፈፃሚው የሚጠብቅ ሰው አለቃውን ፊት ለፊት አይሞግትም።

ነገር ግን "ከውጭ የመጣ" ማለት ብቻውን ነፃ ሰው ማለት አይደለም። ኤንሮንን እንይ። የሂውስተኑ የኢነርጂ ኩባንያ ቦርድ በወረቀት ሲታይ እንከን አይወጣለትም ነበር። አብዛኞቹ አባላት ከውጭ የመጡ፣ የተማሩ፣ ስም ያላቸው ሰዎች ናቸው። ከእነሱ አንዱ የቀድሞው የእንግሊዝ ሚኒስትር ሎርድ ዌካም ነበሩ። ራሳቸው የሂሳብ ባለሙያ ናቸው፣ የሂሳብ ሪፖርቱንና ኦዲቱን በሚከታተለው የቦርዱ ኦዲት ኮሚቴም ውስጥ ነበሩ። ሆኖም ከቦርድ ክፍያቸው በተጨማሪ በማማከር ስም በ2000 ብቻ 72,000 ዶላር ከኩባንያው ወስደዋል። የቦርድ አባልነቱ ራሱም ቢሆን በዚያ ዓመት በገንዘብና በአክሲዮን ተደምሮ ለአንድ ሰው ወደ 350,000 ዶላር ይደርስ ነበር። እንዲህ ዓይነት ክፍያ የሚያገኝ ሰው ወንበሩን የሚያሳጣ ጥያቄ ለመጠየቅ ሁለቴ ያስባል። ይኸው ቦርድ የሥነ ምግባር ደንቡን ወደ ጎን ትቶ የፋይናንስ ኃላፊው አንድሩ ፋስቶው ከኤንሮን ጋር የሚነግዱ ድርጅቶችን ራሱ እንዲያስተዳድር ፈቀደ። ያውም ከአንድ ጊዜ በላይ። ኤንሮን በኅዳር 2001 የቀደሙትን ዓመታት ሂሳብ ሲያርም ከ1997 እስከ 2000 ከነበረው ትርፍ ላይ ከ580 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተቀነሰ። በታኅሣሥ 2 ቀን 2001 ለኪሳራ ፍርድ ቤት አመለከተ።

የሕንዱ ሳትያምም እንዲሁ ነው። የሶፍትዌር ኩባንያው ቦርድ ላይ የሀርቫርድ ፕሮፌሰር ሳይቀር ነበሩ። በታኅሣሥ 2008 ቦርዱ የሰብሳቢው የራማሊንጋ ራጁ ቤተሰብ የነበሩ ሁለት ኩባንያዎችን በ1.6 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ። ውሉን በሰዓታት ውስጥ ያስቆሙት ባለአክሲዮኖች ናቸው፤ አክሲዮኑን እየሸጡ በመውጣት። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በጥር 7 ቀን 2009፣ ራጁ ባንክ ውስጥ አለ የተባለው ገንዘብ አብዛኛው የሌለ መሆኑን በደብዳቤ አመነ። ግዥው የታሰበውም የሌለውን ሀብት በእውነተኛ ሀብት ለመተካት ነበር።

እርስዎስ ይህን በእጅዎ ባለው ሪፖርት ላይ እንዴት ያገኙታል? "ተዛማጅ ወገኖች" የሚል ማብራሪያ ይፈልጉ። ድርጅቱ ከቦርድ አባላት፣ ከአመራሩ፣ ከቤተሰቦቻቸውና ከሚቆጣጠሯቸው ኩባንያዎች ጋር ያደረገው ግብይት መገለጽ ያለበት እዚያ ነው። ባንክ ከሆነ ለእነሱ የተሰጠውን ብድር ይዩ። ከባለፈው ዓመት ጋር ያስተያዩ። ብድሩ መኖሩ ጥፋት አይደለም። በአንድ ዓመት ቢያብጥ፣ ወይም ማብራሪያው በሁለት መስመር ተድበስብሶ ቢያልፍ ግን ከሰንጠረዥዎ ላይ ምልክት ያድርጉ።

4. ኦዲት ኮሚቴው ውስጥ ሂሳብ የሚያውቅ ሰው አለ ወይ?

መጀመሪያ ኮሚቴው መኖሩን ያረጋግጡ። የሚገርም ጥያቄ ሊመስል ይችላል። ዋየርካርድ የተባለው የጀርመን የክፍያ ኩባንያ በአገሪቱ ትልልቅ 30 ኩባንያዎች መዝገብ ውስጥ ገብቶ እንኳ እስከ 2019 ድረስ ተቆጣጣሪ ቦርዱ ኦዲት ኮሚቴ አልነበረውም። በሰኔ 2020 ፊሊፒንስ ባንኮች ውስጥ ተቀምጧል የተባለው 1.9 ቢሊዮን ዩሮ እንደሌለ ታወቀ።

ኮሚቴው ካለ ሙያቸውን ይመልከቱ። ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ ነጋዴ ለቦርድ ይጠቅማሉ፤ ሥራውን ከተለያየ አቅጣጫ ያያሉ። ነገር ግን ቢያንስ አንድ ሰው የሂሳብ መግለጫ አንብቦ "ይህ ገቢ ለምን በዚህ ዓመት ተመዘገበ?" ማለት መቻል አለበት። አሜሪካ ከኤንሮን በኋላ በ2002 ያወጣችው ሕግ በገበያ የተመዘገቡ ኩባንያዎች የኦዲት ኮሚቴ አባላት በሙሉ ገለልተኛ እንዲሆኑ፣ የፋይናንስ ባለሙያ አላቸው ወይስ የላቸውም የሚለውንም እንዲገልጹ ያስገደደው ለዚህ ነው።

ይህም ሆኖ ዕውቀት ብቻውን አይበቃም። የኤንሮንን ኦዲት ኮሚቴ የሚመሩት የስታንፎርድ የሂሳብ ፕሮፌሰር የነበሩት ሮበርት ጄዲኪ ነበሩ። በየካቲት 1999 በተደረገ ስብሰባ የውጭ ኦዲተሩ አርተር አንደርሰን የኩባንያው የሂሳብ አሠራር ከፍተኛ ሥጋት ያለበት መሆኑን ለኮሚቴው ነግሯል። የአሜሪካ ሴኔት ምርመራ በ2002 እንዳመለከተው አንድም አባል አልተቃወመም፣ ሌላ ባለሙያ ይየው ያለም የለም። የቢዝሊ ጥናትም ኦዲት ኮሚቴ መኖሩ ብቻ ማጭበርበርን ጎልቶ በሚታይ መጠን እንደማይቀንስ ነው ያገኘው።

ስለዚህ ኮሚቴው ሥራ መሥራቱን የሚያሳይ ነገር ይፈልጉ። በዓመት ስንት ጊዜ ተሰበሰበ? አባላቱ ተገኝተዋል? ከውጭ ኦዲተሩ ጋር አመራሩ በሌለበት ተነጋግሯል? የውስጥ ኦዲት ኃላፊው ሪፖርት የሚያደርገው ለኮሚቴው ነው ወይስ ለሥራ አስፈፃሚው? የመጨረሻውን በተለይ አጥብቀው ይጠይቁ። ለሥራ አስፈፃሚው ብቻ ሪፖርት የሚያደርግ የውስጥ ኦዲተር ያገኘውን ችግር ለቦርዱ የሚያደርስበት መንገድ የለውም።

5. የቆይታ ዘመንና የሥራ ጫና

ይህ አጭር ነው። አንድ ሰው ከአመራሩ ጋር ብዙ ዓመት አብሮ ከተቀመጠ ይወዳጃል፤ ሰው ነውና። ጄዲኪ ኮሚቴውን ከ10 ዓመት በላይ መርተዋል። በሌላ በኩል ሁሉም አዲስ ከሆኑ ድርጅቱን የሚያውቅ አይኖርም። የተቀላቀለ ይሻላል። አምስት ቦታ ኃላፊነት ያለበት ሰው ደግሞ 200 ገጽ ሰነድ አንብቦ ይመጣል ብዬ አላምንም። የቦርድ ሰብሳቢነትና ዋና ሥራ አስፈፃሚነት በአንድ ሰው እጅ ከሆነ ተቆጣጣሪውና ቁጥጥር የሚደረግበት ያው ሰው ነው።

6. አሁን ቁጥሮቹን ይክፈቱ

በሰንጠረዥዎ ላይ ብዙ ምልክት ካለ ትርፉን በጥርጣሬ ይዩት። ጥቂት ከሆነም ፍተሻው አይቀርም።

ባንክ ላልሆነ ድርጅት የተጣራ ትርፉን ከገንዘብ ፍሰት መግለጫው ጋር ያስተያዩ። እንበል ትርፉ 100 ሚሊዮን ብር ነው፤ ከሥራው የገባው ጥሬ ገንዘብ ግን 20 ሚሊዮን ብቻ። ቀሪው የት ሄደ? ከደንበኞች የሚሰበሰበውን ሂሳብ ይዩ። ከ80 ሚሊዮን ወደ 150 ሚሊዮን ካደገ ትርፉ ላይ የተቆጠረው አብዛኛው ገንዘብ ገና በሰው እጅ ነው። አንድ ዓመት እንዲህ ቢሆን በቂ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ሦስት ዓመት ከተከታተለ ግን ቦርዱ መልስ ሊሰጥበት ይገባል።

ለባንክ ይህ ስሌት ብዙም አይረዳም። ገንዘብ መግባትና መውጣት የባንክ ዋና ሥራው ስለሆነ ፍሰቱ በተቀማጭና በብድር ይናወጣል። እዚያ የሚታየው ላይመለስ ለሚችል ብድር የተያዘው መጠባበቂያ ነው። እንበል ባንኩ 20 ቢሊዮን ብር አበድሯል። መጠባበቂያውን 2 በመቶ ካደረገ 400 ሚሊዮን ይይዛል። 1.5 በመቶ ካደረገ 300 ሚሊዮን። አንድም አዲስ ደንበኛ ሳይመጣ፣ አንድም ብድር ሳይመለስ፣ ከግብር በፊት ያለው ትርፍ በ100 ሚሊዮን ብር አደገ ማለት ነው። ግማሽ በመቶ የግምት ለውጥ ይህን ያህል ይሠራል። ይህን ግምት ያጸደቀው ቦርዱ ነው። የተበላሸው ብድር እየጨመረ መጠባበቂያው ከቀነሰ፣ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ይጻፏቸው።

7. ጉባኤ ላይ ይጠይቁ

የጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳዎቹ የታወቁ ናቸው፤ የቦርዱን ሪፖርት ማዳመጥ፣ የውጭ ኦዲተሩን ሪፖርት ማዳመጥ፣ የትርፍ ድልድል፣ የኦዲተር ሹመትና ክፍያ፣ የቦርድ አባላት አበልና የሥራ ዋጋ። ብዙ ጊዜ አዳራሹ የሚነቃው ትርፍ ድልድሉ ላይ ሲደረስ ነው። እርስዎ የኦዲተሩ ሪፖርት ላይ እጅዎን ያውጡ።

ጥያቄው አጭርና በቁጥር የተደገፈ ይሁን። "የተበላሸ ብድር ባለፈው ዓመት ከነበረው ጨምሯል፣ መጠባበቂያው ግን ቀንሷል። ኦዲት ኮሚቴው ይህን የተቀበለው ምን አይቶ ነው?" ብለው ይጠይቁ። ለባንኩ ፕሬዚዳንት ሳይሆን ለኮሚቴው ሰብሳቢ ነው የሚቀርበው። ሰብሳቢው ራሳቸው ከመለሱ ጥሩ ምልክት ነው። ማይኩ ወዲያው ወደ አመራሩ ከተላለፈ እሱም መልስ ነው። ጥያቄዎ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ ይጠይቁ።

የቦርድ ምርጫ ያለበት ዓመት ከሆነ ሰንጠረዡን ይዘው ይግቡ። ዕጩዎቹ ውስጥ ሂሳብ የሚያውቅ ገለልተኛ ሰው ከሌለ ጥቆማ በሚሰጥበት ወቅት ቀድመው ያቅርቡ። በምርጫው ዕለት የሚደረግ ጥረት ብዙ ጊዜ ይዘገያል። መገኘት የማይችሉ፣ በተለይም ውጭ አገር የሚኖሩ ባለአክሲዮኖች፣ በጥሪ ማስታወቂያው ላይ በተጻፈው የጊዜ ገደብ ውክልናቸውን ለሚያምኑት ሰው ይስጡ። ለማን ድምፅ እንደሚሰጥና የትኛውን ጥያቄ እንደሚያነሳም በጽሑፍ ይላኩለት። ጥር 2017 ዓ.ም. ላይ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ስለጀመረ፣ በገበያው የተመዘገበ ድርጅት አክሲዮን ከመግዛትዎ በፊትም ይህንኑ ሰንጠረዥ መሙላት ይችላሉ።