ከኢስቴት ሴል በኋላ የተረፈውን የቤት ዕቃ እንዴት እናውጣ?

አሜሪካ ውስጥ የሞተ ዘመድ ቤት ሊለቀቅ ሲል ብዙ ጊዜ ኢስቴት ሴል ይዘጋጃል፤ የቤቱ ዕቃ እዚያው ቤት ውስጥ ለመጣ ሰው ሁሉ የሚሸጥበት ነው። ሁለት ሦስት ቀን ሰው ሲገባና ሲወጣ ይውላል። በመጨረሻው ቀን ዋጋው እስከ ግማሽ ይወርዳል። እንዲያም ሆኖ ቤቱ ባዶ አይሆንም። ትልቁ ቡፌ፣ ለእንግዳ ብቻ የሚወጡት ሳህኖች፣ ፍራሹ፣ መጻሕፍቱ ይቀራሉ። አትዘኑ። አፓርታማ ተከራይቶ የሚኖር ወጣት ከባድ ቡፌ የት ያስገባዋል?

ሥራው የሚጀመረው ከሽያጩ በፊት ነው። ሻጩ ድርጅት ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 በመቶ ኮሚሽን ይወስዳል፤ የተረፈውን ማውጣት ግን ለብቻው ሊያስከፍል ይችላል። ያልተሸጠው የማን እንደሆነ፣ ማን እንደሚያወጣውና በስንት እንደሚያወጣው ውሉ ላይ ይጻፍ። ንብረቱን እንዲያስተዳድር በሕግ የተሾመው ሰው ሳይፈቅድ ደግሞ ምንም ነገር ለማንም አትስጡ። የወንድማማች ጠብ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው።

ሽያጩ ካለቀ በኋላ መጀመሪያ ፍተሻ። ሰው ሁሉ የሚቸኩለው እዚህ ጋ ነው፣ እባካችሁ እናንተ አትቸኩሉ። እናቶቻችን ገንዘብና ወረቀት የት እንደሚያስቀምጡ እናውቃለን፤ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ፣ በታጠፈ ነጠላ መሀል፣ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ፍራሽ ስር። እያንዳንዱን መጽሐፍ ገልብጣችሁ አራግፉ። የኮት ኪስ ሁሉ ይዳሰስ። የዜግነት ሰርተፍኬት፣ የድሮ ፓስፖርት፣ የአዲስ አበባ ቤት ካርታ ሊወጣ ይችላል። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ያለበትን የማያስፈልግ ወረቀት በማሽን ቆራርጡት። በእጅ የተጻፈበት ካሴት ካገኛችሁ ሳትሰሙ አትጣሉ። ስልክ ውድ በነበረበት ዘመን ዘመድ ከአገር ቤት ድምፁን በካሴት ቀድቶ ይልክ ነበር። የአያታችሁ ድምፅ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የእኛን የእኛን ለዩ። የእንጀራ ምጣድ፣ ረከቦት፣ ጀበና፣ መሶብ ያልተሸጡት ገዢው ስለማያውቃቸው ነው። ለቤተ ክርስቲያን፣ ለመስጊድ ወይም ለዕድር ሰዎች ደውሉ። አዲስ የመጣ ቤተሰብ ምጣድ እየፈለገ ይሆናል። የሟች ልብስ ታጥቦና ታጥፎ ለነፍስ ይሰጥ። ዘመድ ለአርባ ሲሰበሰብ «ማስታወሻ የምትፈልጉ ውሰዱ» ማለት ጥሩ ጊዜ ነው። አገር ቤት መላክ ካሰባችሁ ብሌንደርና ቶስተሩን ተዉት። የአሜሪካው ዕቃ የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፣ ኢትዮጵያ ያለው 220 ነው።

የቀረው ወደ በጎ አድራጎት ይሄዳል። ልብስና ሳህን ጉድዊል ይቀበላል። ለትልልቅ ዕቃ ሳልቬሽን አርሚ በብዙ ቦታ በነፃ መጥቶ ይወስዳል፤ ወረፋ ስላለው ቀጠሮውን ከሽያጩ በፊት ያዙ። የኩሽና ካቢኔት፣ በርና መብራት ለሃቢታት ሪስቶር ይሆናል። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ከሆናችሁ «ኤ ዋይደር ሰርክል» የቤት ዕቃ ለተቸገሩ ቤተሰቦች ያድላል። ፍራሽ ግን ብዙዎቹ አይቀበሉም። ጎኑ ወደ ታች የሚንሸራተት የሕፃን አልጋም እንዲሁ፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ መሸጡ የተከለከለ ስለሆነ ፈታታችሁ ጣሉት። ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ፎቶም አንሱ። ታክስ ሲያሳውቅ ተቀናሾቹን አንድ በአንድ የሚዘረዝር (አይተማይዝ የሚያደርግ) ሰው በዓመቱ የሰጠው ዕቃ ከ500 ዶላር በላይ ከሆነ ፎርም 8283 የሚባለውን የታክስ ቅጽ ይሞላል።

ማንም ያልወሰደውን ጎረቤቶች ዕቃ በነፃ በሚሰጣጡበት የፌስቡክ «ባይ ናቲንግ» ቡድን ላይ በነፃ አውጡት። ጉድለቱን አትደብቁ። «እግሩ ተሰብሯል፣ ሁለት ሰው ይሸከመዋል፣ እስከ ቅዳሜ ብቻ» ብላችሁ ጻፉ። ስቶሬጅ ተከራይቶ ማስቀመጡን አልመክርም፤ ያልተሸጠ ቡፌ በየወሩ ኪራይ ሊበላ አይገባም።

ከቆሻሻ ጋር የማይጣል ነገርም አለ። የተረፈ መድኃኒት በአንዳንድ ፋርማሲዎች ወይም ፖሊስ ጣቢያዎች ባለው የመሰብሰቢያ ሳጥን ይገባል፤ በሚያዝያና በጥቅምት አካባቢ ብሔራዊ የመሰብሰቢያ ቀንም አለ። የዘይት ቀለምና ኬሚካል ወደ ካውንቲው አደገኛ ቆሻሻ መቀበያ ይሂድ። የድሮ ፍሪጅ ጋዙ በባለሙያ መውጣት ስላለበት መንገድ ዳር አትተዉት። ካውንቲው ትልልቅ ዕቃ የሚሰበስብበትን ቀን ጠይቃችሁ የቤቱ ቁልፍ ከሚመለስበት ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ቀጠሮ ያዙ።