ገመዱ ሲጠመዘዝ፣ ቡድኑ ሲበተን፦ ለቅዳሜና እሁድ ዘላዮች ችግርና መፍትሄ

ከፊኒክስ ወደ ቱሳን ስትነዱ መሃል ላይ ኢሎይ የምትባል ትንሽ የአሪዞና ከተማ አለች። የጥጥ ማሳ፣ አቧራ፣ ፀሐይ። ቀና ካላችሁ ግን ሰማዩ በዣንጥላ ተዥጎርጉሯል። በብርዱ ወራት ሌላው አሜሪካ በረዶ ሲጠርግ ዘላዩ ሁሉ ወደዚያ ይጎርፋል። የእኔም ቅዳሜና እሁድ የሚያልቀው እዚያው አካባቢ ነው። እናቴ በስልክ "አንተ ልጅ፣ አየር ወለድ ልትገባ ነው እንዴ?" ትለኛለች። አይደለም እማዬ። አየር ወለድ ታዞ ነው የሚዘለው፣ እኛ ከፍለን ነው።

ከታች ያሉት በራሴና በጓደኞቼ ላይ ደጋግሜ ያየኋቸው ችግሮች ናቸው። አስተማሪያችሁን አይተኩም። ደግሞ ምርመራ የሚደረገው መሬት ላይ ነው። አየር ላይ ያለው ጥያቄ ሁለት ብቻ ነው፦ ዣንጥላው ይበራል? ይታዘዛል? የአሜሪካ ፓራሹት ማህበር ለተማሪና የመጀመሪያው ደረጃ ለሆነው ለኤ ፈቃድ ባለቤት የሚመክረው የውሳኔ ከፍታ 2,500 ጫማ ነው። እዚያ ስትደርሱ ዋናው ዣንጥላ ካልተስተካከለ ቀዩን መያዣ ስባችሁ ትቆርጡታላችሁ፣ ማለትም ከትከሻችሁ ታላቅቁታላችሁ፣ ወዲያው መጠባበቂያውን ትከፍታላችሁ። "ለምን እንዲህ ሆነ?" የሚለው ከወረዳችሁ በኋላ ይደርሳል።

ገመዱ ተጠምዝዞ ይከፈታል

ዋናው ተከፍቷል። ግን ራይዘሮቹ፣ ትከሻችሁን ከገመዶቹ የሚያገናኙት ጥብጣቦች፣ ማጅራታችሁ ላይ ተጋምደው ቀና አላስብል ብለዋል። ዘላዮች ላይን ትዊስት ይሉታል። ሰው መጀመሪያ የሚከሰው ያጠፈለትን ነው።

እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አንድ ሰሞን ሰባት ዝላይ በተከታታይ ተጠመዘዘብኝ። ከፍዬ የማሳጥፈውን ልጅ ተውኩትና ራሴ ማጠፍ ጀመርኩ። ገመዱን ላስቲኩ ውስጥ ስሸጉጥ እያንዳንዷን ዙር እየለካሁ ነበር። ስምንተኛውም ተጠመዘዘ። ሃንጋሩ ጥግ ላይ፣ ስፌት መኪናቸው አጠገብ የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሪገር፣ የዣንጥላ ጠጋኝና አጣፊ ባለሙያ፣ አሉ። ችግሬን ስነግራቸው ቀና እንኳ ሳይሉ "ወደየት ነው የሚዞረው?" አሉኝ። ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ነው አልኳቸው። "እንግዲያው ዣንጥላውን ተወው፣ እስኪ አንተን ልይህ።" ሪጉን፣ ማለትም ማሰሪያውንና ዣንጥላዎቹን የያዘውን ሙሉ ዕቃ፣ አስለበሱኝ። ከፊቴ በርከክ አሉና ሁለት ጣታቸውን በግራ ጭኔና በማሰሪያው መሃል ሰደዱ። ጣቶቹ ዘው ብለው ገቡ። በቀኝ በኩል አንዷም አልገባችም። ያን ሁሉ ሳምንት አንድ ወገኔ ላልቶ ነበር የምዘለው። ልጁን ይቅርታ ለመጠየቅ ምሳ ጋብዤዋለሁ።

ስለዚህ ስትጠመዘዙ አቅጣጫውን መዝግቡ። ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው ሰውነታችሁ ወይም ማሰሪያችሁ ላይ ነው። አንዳንዴም የአንዱ ጎን ገመድ ከሌላው አጥሮ ይገኛል፣ ይህን ሪገር ይለካላችኋል። አንዴ ቀኝ አንዴ ግራ ከሆነ ግን አስተጣጠፉን ተጠራጠሩ፦ የላሉ ላስቲኮች፣ እኩል ያልሆኑ ዙሮች፣ የተዝረከረከ ትርፍ ገመድ።

የሰውነቱ ጉዳይ ብዙውን ጊዜ ትከሻ ነው። ፓይለት ሹቷን፣ ዋናውን ስባ የምታወጣውን ትንሽ ዣንጥላ፣ ለመወርወር ቀኝ እጅ ወደ ኋላ ሲሄድ ግራው ከራስ በላይ ወደፊት ካልወጣ ትከሻ ያዘነብላል። ከወረወሩ በኋላ ደግሞ የተጠራ ሰው ይመስል ዞር ብሎ ማየት አለ። አትዙሩ። ሁለቱን እጆች እኩል መልሱና አድማሱን እዩ።

አየር ላይ ከገጠማችሁና ዣንጥላው ቀጥ ብሎ እየበረረ ከሆነ ራይዘሮቹን ወደ ጎን ለጥጡ፣ ብስክሌት እንደሚነዳ ሰው በእግራችሁ እየረገጣችሁ በተቃራኒው ዙሩ። ጥምዝምዙ ሳይፈታ ፍሬኑን፣ ማለትም የመሪ ገመዶቹን፣ አትልቀቁ። እየተሽከረከረ ቁልቁል ከወሰዳችሁ ግን ለመፍታት አትታገሉ። ቁረጡት።

ሲከፈት እንደ በቅሎ ይራገጣል

ስላይደር አራት ቀለበት ያለው ቁራጭ ጨርቅ ነው። የአከፋፈቱ ፍሬን እሱ ነው። ስታጥፉ እስከ ላይኛው ጫፍ፣ እስከ ማቆሚያዎቹ ድረስ ካልገፋችሁት ዣንጥላው በአንዴ ይበረገዳል። አንገታችሁም ሳምንቱን ሙሉ ያስታውሳችኋል። ሁለተኛው ምክንያት የላላ ላስቲክ ነው፦ ገመዱ ተራ በተራ መውጣቱን ትቶ ባንዴ ይዘረገፋል። ያረጀ ላስቲክ የሚሰስት ሰው ይገርመኛል። ከእሱ የረከሰ ዕቃ ሪጋችሁ ላይ የለም።

ሦስተኛው ፍጥነት ነው። በደረት ስትወድቁ በሰዓት ወደ 190 ኪሎ ሜትር ትሄዳላችሁ። ከቡድኑ ለመራቅ እየተወነጨፋችሁ ሳለ ግን በዚያው ፍጥነት መወርወር በገዛ እጅ መመታት ነው። መጀመሪያ ሰውነታችሁን ዘርግታችሁ ቀዝቅዙ።

ቀስ በቀስ ከዝላይ ዝላይ እየባሰ ከሄደስ? ገመዱን እዩ። ስፔክትራ የሚባለው የገመድ ዓይነት በሙቀት ይኮማተራል። ስላይደሩ በወረደ ቁጥር ቀለበቶቹ ገመዱን እየፈተጉ ያሞቁታል። ዳር ያሉት፣ በተለይ የፍሬን ገመዶቹ፣ ከመሃሎቹ የበለጠ ያጥራሉ። ሌላው ዓይነት፣ ቬክትራን፣ አይኮማተርም፣ እሱ ደግሞ እየተላገ ያልቃል። ሁለቱም ከጥቂት መቶ ዝላይ በኋላ መቀየራቸው አይቀርም። ያገለገለ ሪግ ስትገዙ "ገመዱ ስንት ዝላይ ሠርቷል?" ማለት ስለ ቀለሙ ከመጠየቅ ይቀድማል።

ፓይለት ሹቷን ወረወርኩ፣ ምንም የለም

ይህ ያስደነግጣል፣ ምክንያቱ ግን ብዙ ጊዜ የአንድ ሰከንድ መርሳት ነው። አብዛኛው የዛሬ ፓይለት ሹት ዋናው ከተከፈተ በኋላ በውስጡ ባለች ገመድ ተስቦ ይከስማል፣ ወደ ኋላ እንዳይጎትት። ስታጥፉ መልሳችሁ ካልወጠራችሁት እንደከሰመ ይወጣል። ከረጢቱን የዘጋውን ፒን የሚነቅል ጉልበት የለውም፣ እንደ ጨርቅ ጀርባችሁ ላይ ይውለበለባል።

ፓይለት ሹቷን ከዋናው ጋር የሚያያይዘው ጥብጣብ ላይ ትንሽ መስኮት አለች። ከተወጠረ በመስኮቷ ውስጥ ባለቀለሙ ገመድ ይታያል። ከረጢቱን ከመዝጋታችሁ በፊት ቀለሙን እዩ፣ ከዚያ ዝጉ። የሚያጥፍላችሁ ሰው ካለ ቀለሙን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ጎበዝ አጣፊ በዚህ አይቀየምም።

አየር ላይ ከገጠማችሁ ሁለት ዓይነት ትምህርት አለ፦ መጀመሪያ መቁረጥና ከዚያ መጠባበቂያውን መሳብ፣ ወይም በቀጥታ መጠባበቂያውን። ክርክሩ አላለቀም። ከአስተማሪያችሁ ጋር አንዱን መሬት ላይ ምረጡና እሱኑ ተለማመዱ።

ቀዩ መያዣ ጠንክሯል፣ ወይም ከአውሮፕላን ተመለስኩ

ዋናውን ዣንጥላ ከትከሻችሁ የሚያላቅቁት ሦስቱ ቀለበቶች የቢል ቡዝ ፈጠራ ናቸው። በጣም ቀላል ናቸው፣ ግን እንክብካቤ ይፈልጋሉ። በበረሃ አቧራ ከቀዩ መያዣ ጋር የተያያዘው ቢጫ ኬብል ይቆሽሻል፣ የራይዘሩ ጥብጣብም የቀለበቶቹን ቅርጽ ይዞ ይደርቃል። በወር አንድ ጊዜ አላቅቁት፣ ጥብጣቡን እያጠፋችሁ አለስልሱት፣ ኬብሉን የአምራቹ መመሪያ በሚለው ጥረጉ። ካልቻላችሁ የሚያውቅ ሰው እያየ አድርጉት።

መመለሱ ደግሞ የወረቀት ጣጣ ነው። አሜሪካ ውስጥ መጠባበቂያው በየ180 ቀኑ በሪገር ተከፍቶ እንደገና መታጠፍ አለበት። ቀኑ በሪጉ ካርድ ላይ አለ። ስልካችሁ ላይ በ160ኛው ቀን ማስታወሻ ሙሉ። በበዓል ሰሞን ሪገር ጋ ወረፋ አለ።

መሬት ላይ እንደ ሰዓት፣ አየር ላይ እንደ ገበያ

የአራት ሰው ፎርሜሽን ውድድር ላይ ለእያንዳንዱ ዝላይ የሚቆጠረው 35 ሰከንድ ነው። በዚያች ጊዜ የታዘዙትን ቅርጾች እየያዙ፣ እየለቀቁ፣ እየደገሙ ነጥብ መሰብሰብ ነው። ቡድናችን ጎማ ባላቸው ጣውላዎች ላይ በደረት ተኝተን ስንለማመድ ያምር ነበር። ከበሩ ስንወጣ ግን ተገለባብጠን እንበተናለን።

በር ላይ መበተን ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው፣ ሰው ደረቱን ለመሬት ይሰጣል። ከአውሮፕላን ስትወጡ ግን ነፋሱ የሚመጣው ከታች ሳይሆን ከአውሮፕላኑ አፍንጫ በኩል ነው። ደረታችሁን ለእሱ ስጡት፣ መሬት የትም አይሄድም። ሁለተኛው ቆጠራው ነው። አንዱ ግማሽ ምት ከቀደመ አራታችሁም ተጎተታችሁ። እስክስታ ላይ ትከሻ ሲገጥም ታውቁታላችሁ አይደል? እንደዚያ መግጠም አለበት። እኛን ያዳነን መሬት ላይ ባለው የበር ሞዴል ቆመን በቀን ሃያ ጊዜ መውጣት ነው። ነፃ ነው፣ ላብ ብቻ ነው የሚያስከፍለው።

አንዱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ሌላው ይሰምጣል? ክብደትና ልብስ ነው። ቀላሉ የእርሳስ ክብደት ያለው ሰደርያ ይልበስ፣ ከባዱ ሰፋ ያለ ልብስ። ግን ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ቪዲዮውን እዩ። ጓደኛውን ለመያዝ እጁን የሚዘረጋ ሰው ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ሲንሸራተት የበለጠ ይዘረጋል። መፍትሄው እጅን መሰብሰብና እግርን መዘርጋት ነው። እግር ነው ወደፊት የሚገፋው። ይህን ማመን ለብዙ ሰው ወራት ይፈጃል፣ ለእኔም ፈጅቷል።

ቅርጹ ጠፍቶበት የሚፈዝ ሰው ካለ ፍጥነት ቀንሱ። በእጅ መያዣ ላይ ማፍጠጥ ትታችሁ ፊት ለፊታችሁ ያለውን ሰው ዓይን እዩ። ስድስት ነጥብ ንጹህ ከአሥር ትርምስ ይበልጣል።

ከዝላይ በኋላ የሚነሳው ጭቅጭቅ ደግሞ ቡድን ያፈርሳል። የእኛ ደንብ እንዲህ ነው፦ ቪዲዮው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ማንም አይናገርም። ለሁለተኛ ጊዜ ሲታይ ሁሉም የራሱን ጥፋት ብቻ ይናገራል። ሦስተኛ ዙር ሲደርስ ማንንም መውቀስ አያስፈልግም።

ማንም አብሮኝ አይዘልም

25 ዝላይ ጨርሳችሁ የኤ ፈቃድ ያዛችሁ። ከዚያ በኋላ አስተማሪ የለም፣ ብቻችሁን ትዘላላችሁ። ይህን ጊዜ ነው ብዙ ሰው የሚተወው። ምክንያቱ ንቀት አይደለም። ሰዎቹ አያውቋችሁም፣ የማያውቁት ሰው ደግሞ አየር ላይ ሊገጫቸው ይችላል። ስንት ዝላይ እንዳላችሁ ሳትጨምሩ ተናገሩ። ነፋስ በዝቶ በረራ ሲቆም ወደ ቤት አትሩጡ። ትውውቅ የሚሠራው ያኔ ነው፣ ሁሉም ሥራ ፈትቶ ምንጣፉ ላይ ሲጋደም።

አንድ ልማድም አለ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ያደረጋችሁት ነገር ሁሉ ቢራ ያስከፍላል። የመጀመሪያ ዝላይ፣ የመጀመሪያ መቁረጥ፣ አዲስ ዣንጥላ። የማትጠጡ ከሆነ አይስክሬም ይዛችሁ ብትሄዱ ማንም አያኮርፍም። እሁድ ጠዋት ቅዳሴ ከሆነ ደግሞ ከሰዓት ድረሱና የፀሐይ መጥለቂያውን በረራ ያዙ። በበጋ ለማረፍም ይሻላል፣ የቀትር ትኩስ አየር ስለሚሳሳ ዣንጥላው በፍጥነት ነው የሚያሳርፋችሁ።

እኔ መጠባበቂያዬን ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈትኩ ቀን ከቢራው ጋር ቡና አፈላሁ። ጭሱን አይቶ ያልመጣ ሰው አልነበረም። ሦስተኛው ስኒ ላይ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለት ሰዎች ጠሩኝ። ልትሞክሩት ከፈለጋችሁ ከሰል ይዛችሁ ሃንጋር አትግቡ፣ ነዳጅ አለ። የኤሌክትሪክ ምድጃ ይበቃል። ቁሌቱንም ከማጠፊያው ምንጣፍ አርቃችሁ ቁሉ። ናይሎን ፍንጣሪ አይችልም።