«ላ» ስትቀር «ን» አብራ ስትቀር፦ የኤስፔራንቶ ችግርና መፍትሄ

ኤስፔራንቶ የተባለውን ሰው ሠራሽ ቋንቋ የምንማር አማርኛ ተናጋሪዎች ላይ በጣም የሚደጋገም ስህተት አለ። ከስም ፊት የምትገባው፣ ስሙ የታወቀ መሆኑን የምትናገረው «ላ» ካለች ሁሉም ሰላም ነው። «ላ» ስትወጣ ግን የተሳቢዋ «ን» አብራ ውልቅ ትላለች። «ሚ ቪዲስ ላ ሌኦኖን» (አንበሳውን አየሁ) ብሎ በትክክል የጻፈ ሰው ቀጥሎ «ሚ ቪዲስ ሌኦኖ» ይላል። ሁለተኛው ልክ አይደለም።

ምክንያቱ አማርኛችን ነው። ለገሃር፣ የድሮው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለውን አንበሳ አስቡ። የትኛው እንደሆነ ስለምንግባባ «አንበሳውን አየሁት» እንላለን። የሆነ አንበሳ ከሆነ ግን «አንበሳ አየሁ» ብለን እናልፋለን። «ን» ለእኛ የምትመጣው በአብዛኛው ተሳቢው የታወቀ ሲሆን ነው። ኤስፔራንቶ ግን ሥራውን ከፋፍሎታል። «ላ» የታወቀ መሆኑን፣ «ን» ደግሞ ተሳቢ መሆኑን ትናገራለች። አንዷ ሌላዋን አትጠብቅም።

መፍትሄው ሁለቱን በየተራ መጠየቅ ነው። ተሳቢው የቱ ነው? መጀመሪያ «ን» ስጡት። ቀጥሎ፣ አድማጩ የትኛው እንደሆነ ያውቃል? ካወቀ «ላ»ን አስቀድሙ። ፒያሳ ቡና ከጠጣችሁ «ሚ ትሪንኪስ ካፎን»። ቅድም ያወራንለት ቡና ከሆነ «ሚ ትሪንኪስ ላ ካፎን»። «ን» ንቅንቅ አላለችም።

ቅጽል ሲገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ስለ አራት ኪሎው ሐውልት «ሚ ቪዲስ ላ ግራንዳን ሞኑመንቶ» ተብሎ ይጻፋል። ይሄም ከእኛው የመጣ ነው፤ «ትልቁን ሐውልት አየሁ» ስንል «ን» ቅጽሉ ላይ ቀርታ ስሙ ባዶውን ይሄዳል። በኤስፔራንቶ ሁለቱም ይይዟታል፦ «ላ ግራንዳን ሞኑመንቶን»። እኔ መጀመሪያ ስሙን ጨርሶ መጻፍን፣ ከዚያ ወደ ቅጽሉ መመለስን እመክራለሁ።

መጽሐፌ ለማለት «ላ ሚያ ሊብሮ» ካላችሁ «ላ»ን አውጡ፤ «ሚያ» (የእኔ) ብቻዋን ትበቃለች። «አንድ ወንድ መጣ» ለማለትም «ቪሮ ቬኒስ» በቂ ነው። «ኡኑ»ን (አንድ) በአብዛኛው ለቁጥር አቆዩት።

«እነዚያ መጽሐፎች» ለማለት «ቲኡ ሊብሮይ» የሚለው ስህተት የሚመጣው «ቲኡ»ን (ያ) እንደ «ላ» ከማየት ነው። የቋንቋው ፈጣሪ ዛመንሆፍ በ1887 እ.ኤ.አ. ካወጣቸው 16 ሕጎች የመጀመሪያው «ላ» በጾታም፣ በቁጥርም፣ በሙያም (ስሙ ተሳቢ ሆነም አልሆነም) አትለወጥም ይላል። ያ መብት ለ«ቲኡ» አይሠራም። «ቲኡ» ስሙን ተከትላ ትለወጣለች፦ ለብዙ «ቲኡይ ሊብሮይ»፣ ተሳቢ ሲሆኑ «ቲኡይን ሊብሮይን»።