የመሥሪያ ቤትን ሰነዶች ከጋራ ድራይቭ ወደ ክላውድ የማዛወር ዕቅድ እንዴት ይዘጋጃል?

አንድ መሥሪያ ቤት በሰርቨሩ ላይ ያለውን የጋራ ድራይቭ ትቶ ወደ ክላውድ (በኢንተርኔት ወደሚደረስበት የፋይል ማከማቻ) ለመግባት ሲያስብ፣ ስብሰባው ብዙውን ጊዜ የማይክሮሶፍቱ ሼርፖይንት ይሻላል ወይስ ጉግል ድራይቭ በሚል ክርክር ያልቃል። ሁለቱም ሥራውን ይሠራሉ። ዕቅዱን የሚያቃናው፣ አንድም ፋይል ከቦታው ሳይነሣ፣ እያንዳንዱ ፎልደር የማን እንደሆነና ማን ሊያየው እንደሚገባ መወሰኑ ነው። እዚህ የምጽፈው በሼርፖይንት ሠርቼ ያየሁትን ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ለሌላውም ያገለግላል።

1. ያለውን መቁጠር

የማይክሮሶፍት ሼርፖይንት ማይግሬሽን ቱል በነፃ የሚገኝ ሲሆን፣ ምንም ሳያዛውር ድራይቩን ቃኝቶ ችግር ያለባቸውን ፋይሎች በዝርዝር ያወጣል። ለምሳሌ የፎልደሮቹና የፋይሉ ስም ተደምሮ ከ400 ፊደል በላይ ከሆነ ሼርፖይንት አይቀበለውም። ለመካከለኛ መሥሪያ ቤት ሌላ ሶፍትዌር መግዛት አያስፈልግም ባይ ነኝ።

የማይዛወሩትንም ከወዲሁ መለየት ይገባል። የፒችትሪ (የሒሳብ ሶፍትዌር) ዳታና የአክሰስ ዳታቤዝ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ በውስጥ ኔትወርክ የሚጠቀምባቸው ስለሆኑ ባሉበት ሰርቨር ይቆዩ። ከሌላ ፋይል ቁጥር የሚስቡ የኤክሴል ሠንጠረዦች ደግሞ አድራሻቸው በድራይቩ ፊደል (ለምሳሌ «S:» ተብሎ) ከተጻፈ ከዝውውሩ በኋላ ግንኙነታቸው ይቋረጣል፤ ፋይናንስ ክፍል ዝርዝራቸውን አስቀድሞ ይያዝ።

2. ባለቤትና ፈቃድ

ብዙ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ሥራ ይህ ነው። በጋራ ድራይቭ ላይ ያለ ምስጢራዊ ሰነድ ብዙውን ጊዜ የሚጠበቀው በፈቃድ ሳይሆን ማንም ስለማያገኘው ነው። «ፋይናንስ» ከሚለው ፎልደር ውስጥ «ኦዲት 2009»፣ ከእርሱም ውስጥ «አዲስ ፎልደር 2» በሚል የተቀመጠ የደመወዝ ዝርዝር፣ እዚያ ድረስ ወርዶ የሚያይ ስለሌለ ብቻ፣ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ክላውድ ላይ ግን ፍለጋው የፋይሉን ስም ብቻ ሳይሆን በውስጡ የተጻፈውንም ስለሚያይ፣ አንድ ሠራተኛ የራሱን ስም ጽፎ ሲፈልግ የሁሉም ደመወዝ ፊቱ ይቀርባል። በሠራሁበት አንድ ድርጅት የሆነው ይኸው ነበር፤ ሰነዱ ወዲያው ቢዘጋም በባልደረቦች መካከል የተፈጠረው ቅሬታ በቀላሉ አልበረደም።

ስለዚህ ቱሉ የድሮውን ፈቃድ ይዞ እንዲሄድ የሚያቀርበውን አማራጭ አለመጠቀም ይሻላል፤ የቆየውን ዝብርቅርቅ እንዳለ ያጓጉዛልና። አማራጩ ካልተመረጠ ፋይሎቹ የሚገቡበትን ሳይት (በሼርፖይንት ውስጥ ሰነዶች የሚቀመጡበትን የራሱ ፈቃድ ያለው ቦታ) ፈቃድ ስለሚወርሱ፣ ሳይቶቹና ቡድኖቹ ከዝውውሩ በፊት ተዘጋጅተው መጠበቅ አለባቸው። ለእያንዳንዱ የሥራ ክፍል አንድ ሳይት፣ በሳይቱም የሚያነቡ፣ የሚያርሙና የሚያስተዳድሩ ሦስት ቡድኖች ይበቃሉ፤ ፈቃድ ለቡድን እንጂ ለግለሰብ አይሰጥ። ደመወዝ፣ የዲሲፕሊን ጉዳይና ጨረታ ግን በክፍት ሳይት ውስጥ ከተቆለፈ ፎልደር ይልቅ የራሳቸው ሳይት ይኑራቸው፤ ነገ የሚተካው የአይቲ ባለሙያ የተቆለፈውን ፎልደር ላያስታውሰው ይችላል።

የትኛው ሰነድ ምስጢር እንደሆነ የሚወስነው አይቲ አይደለም። የክፍሉ ኃላፊ የፎልደሮቹን ዝርዝር በወረቀት ተቀብሎ፣ በእያንዳንዱ ትይዩ ባለቤቱንና የሚያዩትን ጽፎ ይፈርም። ባለቤት ያልተገኘለት ፎልደር አይዛወር። የሠራተኞችና የደንበኞች የግል መረጃ ካለ፣ የ2016ቱ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 መረጃን ወደ ውጭ አገር ለማስተላለፍ ሁኔታዎችን ስለሚያስቀምጥ፣ የሕግ ክፍሉ ውል ከመፈረሙ በፊት ይየው።

3. ስም አሰጣጥ

አንዱ «ሠራተኛ»፣ ሌላው «ሰራተኛ» ብሎ የሰየማቸው ፎልደሮች በአንድ ፍለጋ አብረው ላይመጡ ይችላሉ። ለዋና ዋና ፎልደሮች አንድ አጻጻፍ መርጦ አስቀድሞ ማሰራጨት ይጠቅማል።

4. መሞከርና ማዛወር

መጀመሪያ አንድ ትንሽ ክፍል ይዛወር። አንድ ቴራባይት በሴኮንድ 20 ሜጋቢት በሚጭን መስመር ያለማቋረጥ ቢሄድ እንኳ አራት ቀን ተኩል ያህል ይፈጃል፤ ስለዚህ ጭነቱ በሌሊትና በቅዳሜና እሑድ ይከፋፈል። መብራት ወይም መስመር ቢቋረጥ ቱሉ እንደገና ሲነሣ አዲሱንና የተለወጠውን ብቻ ይወስዳል። ፋይሎችን በብሮውዘር ጎትቶ መጫን አቋራጭ ይመስላል፤ ነገር ግን ፋይሉ የተሻሻለበት ቀን በተጫነበት ቀን ይተካል፣ ይህም ኦዲተር ሲጠይቅ መልስ ያሳጣል።

ርክክቡ የበጀት ዓመቱ በሚዘጋበት በሰኔ 30 አካባቢ አይዋል። ዓርብ ማታ የድሮው ድራይቭ ለንባብ ብቻ ይደረግ፣ የመጨረሻው ዙር ይጫን፣ ሰኞ ሠራተኛው በአዲሱ ይጀምር። የድሮው ድራይቭ ቢያንስ የዓመቱ ኦዲት እስኪጠናቀቅ ሳይጠፋ ይቆይ።