የጠፈር ቡድን ሲመረጥ ሴትን ለቁጥር ማሟያ የሚያደርጉ ስህተቶች

አንዲት ሴት ወደ ጠፈር ቡድን ለይስሙላ መግባቷን ለማወቅ የልብሷን ልክና የተሰጣትን ሥራ ማየት ይበቃል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንዷን አብርሮ በሩን መዝጋት። ሶቭየት ኅብረት በ1962 አምስት ሴቶች መለመለች። ቫለንቲና ቴሬሽኮቫ በ1963 በቮስቶክ 6 መንኮራኩር ምድርን 48 ጊዜ ዞረች። የቀሩት አራቱ አንድም ቀን ሳይበሩ ቡድኑ በ1969 ተበተነ። ሁለተኛዋ ሴት ስቬትላና ሳቪትስካያ እስክትወጣ 19 ዓመት አለፈ።

ከሥራው ጋር የማይገናኝ መስፈርት። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ በ1959 ከጠፈርተኞች የጠየቀው የጄት ሙከራ አብራሪነትና 1,500 የበረራ ሰዓት ነበር። መስፈርቱ ሴትን በስም አልከለከለም፤ ወታደራዊ ጄት ማብረር ግን ለሴት ዝግ ነበር። በ1978 ለሳይንቲስቶችና ለሐኪሞች በር ሲከፈት ከ35ቱ ተመራጮች ስድስቱ ሴቶች ሆኑ።

ሰውን መርጦ ልብሱን መርሳት። ብዙ ዕቅድ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ናሳ ከጠፈር ጣቢያ ውጭ ለሚሠራ ሥራ የሚያለብሰው ልብስ ደረቱ ጠንካራ ፋይበርግላስ ስለሆነ እንደ ጨርቅ አይጠብም። ከሰፋ የትከሻው መጋጠሚያ ቦታውን ይስታል፣ ክንድም እንደልብ አይዘረጋም። በአየር በተነፋ ልብስ ውስጥ ስድስት ሰባት ሰዓት እንዲህ መታገል ጉልበት ይጨርሳል፣ ትከሻ ይጎዳል።

በማርች 2019 የናሳ ጠፈርተኞች አን ማክሌይንና ክርስቲና ኮክ ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ውጭ አብረው ሊወጡ ቀጠሮ ተይዞ ነበር። ማክሌይን መሬት ላይ በመካከለኛውም በትልቁም የልብስ ልክ ሠልጥናለች፤ ጠፈር ላይ አንድ ጊዜ ወጥታ ከሠራች በኋላ ግን መካከለኛው እንደሚሻላት አወቀች። በጣቢያው ከነበሩት ሁለት መካከለኛ የልብስ ደረቶች ለመውጣት የተሰናዳው አንዱ ብቻ ስለነበር በእሷ ፋንታ ወንዱ ጠፈርተኛ ኒክ ሄግ ወጣ። ያን ቀን ሰው መቀየሩ ትክክል ነበር፤ ጥፋቱ ሁለተኛውን ቀድሞ አለማሰናዳት ነው። ኦክቶበር 18 ኮክና ጄሲካ ሜር ወጥተው 7 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ሠሩ፤ የተበላሸውን የባትሪ ኃይል መሙያ መሣሪያም ቀየሩ። የመውጫው ቀን ከመቆረጡ በፊት በየልኩ ስንት ልብስ ዝግጁ እንደሆነ ይቆጠር።

ሳይጠይቁ መገመት። ወደ ጠፈር የወጣችው የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት ሳሊ ራይድ በ1983 ለስድስት ቀን በረራ ስትዘጋጅ መሐንዲሶቹ 100 ታምፖን (የወር አበባ መጠበቂያ) ይበቃት እንደሆነ ጠየቋት። የሚጠቀምበት ሰው ዕቃው ከመታሸጉ በፊት ይጠየቅ።

ሥራ ሲደለደል ወደ ጓዳ መመለስ። ሳቪትስካያ በ1982 የሶቭየት የጠፈር ጣቢያ ሳልዩት 7 ስትደርስ የተሰጣት አቀባበል የወጥ ቤት ሽርጥ ነበር። በ1984 ከጣቢያው ውጭ ወጥታ ብረት በየዳች። ብየዳውን፣ የሮቦት ክንዱንና የአዛዥነቱን ቦታ ማን እንደሚይዝ ሥልጠናው ሲጀመር በስም ይጻፍ።