ሰፊ ጎማ ከመግዛታችሁ በፊት ቸርኬውን ገልብጣችሁ እዩ

እኔ በ235 ሚሊ ጎማ ተቃጥያለሁ። ከሱ ልጀምር።

መኪናዬ ከዱባይ የመጣች ቶዮታ 86 ናት። ቸርኬዋ ከፋብሪካ የወጣችበት ነው፤ ዲያሜትሩ 17 ኢንች፣ ስፋቱ 7 ኢንች። ጎማዋ 215/45 አር 17። ጎማው ሲያልቅ «ሰፋ ያለ ባደርግላት መሬት ቆንጥጣ ትሄዳለች» ብዬ 235/45 ገዛሁ። ማንንም አልጠየቅኩም። ፎቶ ላይ ያምር ነበር፣ በቃ።

የሰፈራችን ጎሚስታ በእድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። ጎማውን ገና ሲያዩት ፊታቸውን ቋጠሩ። «ልጄ፣ ይሄ ለዚህ ቸርኬ በዛበት» አሉኝ። «ግድ የለም ጋሼ፣ ይግጠሙልኝ» አልኩ። ገጠሙልኝ። ነፋስ ሲሞላ የጎማው ጎን እንደ ድፎ ዳቦ አብጦ ከቸርኬው ጠርዝ ወጣ። እሳቸው ዝም ብለው እጃቸውን ጠረጉ።

በማግስቱ ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ፈጣን መንገዱ ላይ ወጣሁ። ቀጥ ባለው መንገድ ምንም አልነበረም። መስመር ስቀይር ግን መሪውን አዙሬ መኪናዋ አስባ አስባ ነው የምትከተለኝ፤ ከዚያ ደግሞ ስትመለስ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ቅዳሜ ሁለት ጓደኞቼን ከኋላ ጭኜ ሶደሬ ስወርድ በየጉድጓዱ ጎማው የፓራፋንጎውን ውስጥ ክርር ያደርግ ጀመር። ሦስት ሳምንት ሳይሞላኝ አራቱንም በኪሳራ ሸጥኩ።

ስለዚህ አደራ፣ ከጎማ ሱቅ በፊት ወደ ቸርኬው።

ቸርኬው ምን ይላል?

ጎማውን በክሪክ አንስታችሁ ፍቱና ገልብጡት። ጀርባው በፍሬን አቧራ ጠቁሮ ስለሚሆን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ከክንዶቹ በአንዱ ላይ «17 በ7 ጄ» ወይም ተገልብጦ «7 ጄ በ17» የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ። 17 ዲያሜትሩ ነው፣ 7 ስፋቱ፣ ሁለቱም በኢንች። ጄ የጠርዙን ቅርጽ ነው የሚናገረው። አጠገቡ «ኢቲ 48» ዓይነት ቁጥር ካለ ቸርኬው ከመሃል መስመሩ ስንት ሚሊ ወጥቶ እንደሚታሰር ነው፤ ቸርኬ ካልቀየራችሁ እርሱት።

ጽሑፉ ካልታያችሁና በሜትር ከለካችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ስፋቱ የሚለካው ጎማው ከሚቀመጥበት ከውስጥ ነው። ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ ብትለኩ አንድ ኢንች ገደማ ይጨምርባችኋል። 7 ኢንቹን 8 ነው ብሎ ጎማ የገዛ ሰው አውቃለሁ።

አሁን ወደ ጎማው። 215/45 አር 17 ማለት የጎማው ስፋት 215 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 45 በመቶ፣ ለ17 ኢንች ቸርኬ የተሠራ ማለት ነው። እያንዳንዱ መጠን የሚቀበለው የቸርኬ ስፋት አለው፣ የጎማ ፋብሪካዎች በሰንጠረዣቸው ያወጡታል። 215/45 አር 17 ከ7 እስከ 8 ኢንች ይቀበላል። 225/45 አር 17 ከ7 እስከ 8.5። እኔን ያቃጠለኝ 235/45 አር 17 ደግሞ የሚጀምረው ከ7.5 ነው። ጋሼ ሰንጠረዥ አላዩም፣ በዓይናቸው ነው ያወቁት።

ባለ 16 ቸርኬ ካላችሁ 205/55 ከ5.5 እስከ 7.5፣ 225/50 ከ6 እስከ 8 ይሄዳል። ጎኑ አጭር የሆነ ጎማ ሰፋ ያለ ቸርኬ ይፈልጋል፤ ለዚህ ነው 205/55 በ5.5 ላይ ሲቀመጥ 215/45 ከ7 በታች እሺ የማይለው። ሰፊ ቸርኬ ላይ ጠባብ ጎማ ወጥረው የሚገጥሙ ልጆችም አሉ፣ ለስታይል። የኛ ጉድጓድ ቸርኬያቸውን ሲሰነጥቀው ይተዉታል።

10 ሚሊ ገዝታችሁ 5 ሚሊ ብታገኙስ

ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። ጎማው ላይ የተጻፈው ስፋት ፋብሪካው በለካበት ቸርኬ ላይ ያለው ስፋት ነው። 225/45 አር 17 የሚለካው በ7.5 ኢንች ቸርኬ ነው፣ 215/45 ግን በ7። ቸርኬው በግማሽ ኢንች ሲጠብ ጎማውም 5 ሚሊ ገደማ ይጠብባል። ስለዚህ እኔ ከ235ቱ በኋላ 7 ኢንቼ ላይ 225 ስገጥም በወረቀት 10 ሚሊ ጨመርኩ፣ በመሬት ግን ግማሹን። የከፈልኩት ለሙሉው ነው እንግዲህ።

ቁመቱንም አስሉ። የ215/45 ጎን 215 ሲባዛ በ0.45፣ 96.75 ሚሊ ነው። ሁለቱን ጎን ደምሩ፣ የ17 ኢንቹን 431.8 ጨምሩበት፣ 625 ሚሊ ገደማ ይመጣል። 225/45 በዚሁ ስሌት 634 ነው፣ ልዩነቱ 1.4 በመቶ። የፍጥነት ቆጣሪው 100 የሚያሳያችሁን ያህል ስትነዱ በተግባር 101.4 ናችሁ ማለት ነው፣ ያን ያህል አይጎዳም። 235/45 ግን 643 ስለሆነ ወደ 3 በመቶ ይጠጋል። ፈጣን መንገዱ ላይ ወሰኑ 120 ነው፤ ቆጣሪውን አምናችሁ 120 ላይ ስትይዙ ሳታውቁት ልታልፉት ትችላላችሁ። በተጨማሪ ያ ተጨማሪ ቁመት ነው ፓራፋንጎ የሚነካው።

ቦታው ይበቃ እንደሆነ አስቀድሞ ማየት ቀላል ነው። አሮጌው ጎማ እንደተገጠመ መሪውን ጥግ ድረስ አዙሩ፣ ከዚያ ጣታችሁን በጎማውና በሾክ አብዞርበሩ መሃል አስገቡ። ጎማው በ10 ሚሊ ሲሰፋ ወደ ውስጥ 5፣ ወደ ውጭ 5 ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ትንሿ ጣታችሁ በነፃነት ካልገባች ይቅርባችሁ። ወንበሩ ላይ ሰው ሲቀመጥ መኪናው እንደሚወርድም አትርሱ፤ እኔ ብቻዬን ሆኜ ነበር የፈተሽኩት።

ለመሆኑ ስፋት ምን ይሰጣል? በደረቅ አስፋልት መታጠፊያ ላይ ትንሽ ያግዛል። በምትኩ መሪው ይከብዳል፣ ነዳጅ ይጨምራል፣ ውሃ ላይ ደግሞ ቶሎ ይንሳፈፋል። ሐምሌ ላይ አዳማ ውስጥ ጎርፍ ከኮረብታው ሲወርድ አስፋልቱን አይታችሁታል። ሰፊ ጎማ ውሃውን ከስሩ ለማስወጣት ብዙ ሥራ አለበት፣ በተለይ ጥርሱ ያለቀ ከሆነ። እኔን ብትጠይቁኝ ርካሽ 225 ከምትገዙ ጥሩ 215 ግዙ። ቶዮታ ራሱ 86ን ሲያወጣ በሚሽሊን ፕራይመሲ ነው ያወጣው፣ ይሄ የውድድር ሳይሆን የምቾት ጎማ ነው፤ መኪናዋ ቀላልና ተጫዋች እንድትሆን ታስቦ እንጂ ሰፊ መግጠም አቅቷቸው አይደለም። የሚይዘው ላስቲኩ ነው። በአንድ መጠን ስፖርት ላስቲክ ያለው ጎማ ስቀይር የተሰማኝ ልዩነት ከስፋት ያገኘሁትን አስረሳኝ።

ሰመር ጎማ ማለት የትኛው ነው?

እዚህ ጋ ቋንቋችን ራሱ ያሳስተናል። ፈረንጅ ሰመር የሚለው ጊዜ የኛ ክረምት ነው። አንዱ ወዳጄ «የክረምት ጎማ አለ» ሲሉት ለሐምሌ ዝናብ መስሎት የበረዶ ጎማ ገዝቶ መጣ። ያገለገለ ጎማ ስትገዙ በተለይ ጎኑን እዩት። ሦስት ጫፍ ያለው ተራራና በመሃሉ የበረዶ ቅንጣት ከተሳለ የበረዶ ነው፣ ወይም በረዶም እንዲችል የተሠራ የአራት ወቅት ጎማ። የበረዶው ላስቲክ ከ7 ዲግሪ በታችም ለስላሳ እንደሆነ እንዲቆይ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ የአዳማ ቀን ላይ እንደ ማስቲካ ይሆንና በታጠፋችሁ ቁጥር ይንሸራተታል፣ ቶሎም ያልቃል። እኛ የምንፈልገው ሰመር የሚባለውን ነው፣ ዓመቱን ሙሉ፣ ዝናቡም ውስጥ ቢሆን።

እዚያው የጎማው ጎን ላይ «ቴምፕሬቸር» ከሚለው ቃል አጠገብ ያለውን ፊደል ተመልከቱ። ኤ ሙቀትን የሚቋቋመው ነው፣ ሲ የመጨረሻው። «ትሬድዌር» የሚለው ቁጥር ሲያንስ ላስቲኩ ይይዛል ግን ቶሎ ያልቃል። የክብደትና የፍጥነት ምልክቱም ከፋብሪካው በታች አይውረድ፤ የኔ መኪና 87 ደብሊው ነው፣ 87 ማለት አንዱ ጎማ 545 ኪሎ ይሸከማል፣ ደብሊው እስከ 270 ኪሎ ሜትር በሰዓት።

ጎኑ ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ያሉት የመጨረሻ አራት አሃዞች የተሠራበት ቀን ናቸው። 1018 ማለት የ2018 10ኛ ሳምንት ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። 18 ሲያይ «የኛ 2018 ነው» ብሎ የሚደሰት አለ፤ በኛ 2010 የተሠራ ጎማ ነው የገዛው። ሱቁ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ከሆነ ደግሞ በጣታችሁ ጫን ብላችሁ ጎኑን እዩ። ቀጫጭን ስንጥቅ ካየህ ዋጋ መከራከር አያስፈልግም፣ ተመለስ።

ነፋሱን በጠዋት፣ መኪናው ሳይነዳና ፀሐይ ሳይመታው በፊት ሙሉት፤ ልኩ የሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተለጥፏል። ከመንገድ ደርሳችሁ ጎማው ሲግል ቁጥሩ ከፍ ብሎ ብታዩት አታስተንፍሱት፣ ሲቀዘቅዝ ይወርዳል።

ካስገጠማችሁ በኋላ ባላንስ (ሲሽከረከር እንዳይንቀጠቀጥ ክብደቱን ማመጣጠን)፣ ከዚያ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል)። ቡሎኖቹ በተርታ ሳይሆን አንዱን እየዘለሉ ይጥበቁ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ነድታችሁ እንደገና አጥብቋቸው፤ ሶደሬ ደርሶ መልስ ይበቃል።