የድሮ ሱቅን ቢራ መጥመቂያ ለማድረግ ከወለሉ ጀምሩ

አዳማ ውስጥ አስፓልት ዳር ያሉት የድሮ ሱቆች ሲፈርሱ ማየት ያንገበግበኛል። ወፍራም ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ ሰፊ የብረት በር፤ ዛሬ እንደዚያ ማን ይሠራል? ቢራ እዚያው ጠምቆ እዚያው ለመሸጥ ላሰበ ሰው ጥሩ ቤት ይወጣቸዋል። ጠላ ቤትና ጠጅ ቤት ለኖረበት አገር ሐሳቡም እንግዳ አይደለም። ችግሩ ብዙ ሰው ገንዘቡን መብራትና ወንበር ላይ ይጨርሳል። መጀመሪያ ወለሉን እዩ።

የኪራይ ውል ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ባልዲ ውሃ ሊሾው ላይ ድፉና ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ። መሃል ላይ ከተኛ ወይም በስንጥቁ ሰርጎ ከጠፋ ወለሉ ተነቅሎ እንደገና መሠራቱ አይቀርም፤ ወጪውን ኪራዩን ስትደራደሩ አንሱት። መጥመቂያ ክፍል ቀኑን ሙሉ ሲታጠብ ነው የሚውለው። ስለዚህ ወለሉ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ፍሳሽ መውረጃው ያዘንብል። ልሙጥ ሴራሚክ አታንጥፉ፣ ሰው ይጥላል። ክብደትም አለ፤ 1,000 ሊትር የሚይዝ ታንከር ሲሞላ ከነብረቱ ከ1 ቶን በላይ ነው፣ ያ ሁሉ የሚያርፈው ደግሞ ጥቂት እግሮች ላይ ነው። ፎቅ ላይ ላውጣው ካላችሁ መሐንዲስ ሶሌታውን ሳያሰላ አይሆንም።

የድሮ ሱቅ ብዙ ጊዜ በትንንሽ ክፍል የተከፋፈለ ነው። ግድግዳ አፍርሶ አንድ አዳራሽ ማድረግ ደስ ይላል። ግን ጣሪያውን የተሸከመው የትኛው ግድግዳ እንደሆነ ሳይታወቅ አንድ ብሎኬት እንዳይነካ። ኮርኒሱን ከፈት አድርጋችሁ ወራጁ የት እንዳረፈ በባትሪ እዩ።

ውሃው ሌላ ጣጣ ነው። የአዳማ የቧንቧ ውሃ ከአዋሽ ተጣርቶ የሚመጣ ነው፤ ክሎሪኑ ካልወጣ ቢራው መድኃኒት መድኃኒት ይላል፣ ስለዚህ የከሰል ማጣሪያ አስገቡ። ጉድጓድ አለን ካላችሁ መጀመሪያ አስመርምሩ፤ በስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ የበዛበት ጉድጓድ ብዙ ነው፣ ማፍላት ደግሞ ፍሎራይድን አያጠፋም። ለ1 ሊትር ቢራ 5 ሊትርና ከዚያ በላይ ውሃ ሊሄድ ይችላል፣ አብዛኛው ለእጥበት። ሮቶ የምታስቀምጡበትን ቦታ ካሁኑ አስቡ።

ይቺን ደግሞ አደራ። ቢራ ሲብላላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፣ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፣ አይታይም፣ ሰው ይገድላል። የድሮ ሱቅ ጓዳ መስኮት ስለሌለውና ቀዝቀዝ ስለሚል ለማብላያ ያጓጓል። አየር ማስወጫ ከወለሉ አጠገብ ካልተበጀለትና የጋዝ ማስጠንቀቂያ ካልተገጠመለት አንድም ታንከር አታስገቡበት።

ሙቀቱንም አትናቁት። ኤል የሚባለው የቢራ ዓይነት የሚብላላው ከ18 እስከ 22 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የአዳማ ቆርቆሮ ስር እኩለ ቀን ላይ ይህ አይታሰብም። ማብላያውን ክፍል ለብቻው ከልላችሁ ማቀዝቀዣ አስገቡለት። ሶስት ፌዝ መብራት መግባቱን አረጋግጡ፣ ለጄኔሬተርም ቦታ ተዉ። የብቅሉ ውሃ 1 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሲፈላ እንፋሎቱ በጭስ ማውጫ ይውጣ፤ ነፋሱን ታውቁታላችሁና የጭስ ማውጫው ክዳን በደንብ ይታሰር።

ወረቀቱን ባጭሩ፦ ሱቅ የነበረው ማምረቻ ሲሆን የአገልግሎት ለውጥ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ ቢራ ኤክሳይዝ ታክስ አለበት፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አይሸጥም። ለውጡን ባለቤቱ በጽሑፍ ሳይስማማ መዶሻ አታንሱ።

የብረት በሩን ግን እንዳትቀይሩት። ዝገቱን አስፍቃችሁ ቀለም ቀቡት።

ሁለት ሱቅ አማርጣችሁ ከተቸገራችሁ የጀርባ በር ያለውን ያዙ። ከአሰላ የሚመጣው ብቅል በዚያ ይገባል፣ አተላውም በዚያ ይወጣል። በአዳማ ሙቀት አተላ ካደረ ይሸታልና ከብት አርቢ ፈልጋችሁ በየቀኑ እንዲወስድላችሁ ከመክፈታችሁ በፊት ተስማሙ።